አመመኝ አትበሉ ያሉን ሰው

እኔ ቁጡ ሴት አይደለሁም። በዚህ ሰፈር ስኖር ከጎረቤት ጋር የተጣላሁት አንዴ በአጥር፣ አንዴ በውሻ ነው፤ ሁለቱም በዕርቅ አልቋል። ባለፈው እሑድ ግን በሰው ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሽማግሌ «አንተ» ብዬ ተናገርኩ። ጠላ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ ጠላው ነው ይባልልኝ ነበር። አልቀመስኩም። ይኸው ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ንዴቱ ከደረቴ አልወረደም፤ እንዲያውም ውሎ ሲያድር እየባሰበት ነው። ሰው ከሚያወራልኝ ራሴ ልጻፈው ብዬ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች እህቴ የልጅ ልጅ ቤዛ ለሦስት ወር ሥልጠና ሆላንድ ልትሄድ ሆነ። የተማረችው ስለ ዕፅዋት ነው፤ ዘር ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቀመጥ ሊያሳዩአት ነው የጠሯት። ከአገር ወጥታ አታውቅም። እናቷ ብርቱካን ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው ቤቷ ዘመድና ጎረቤት ጠርታ ምሳ አበላች። እኔም ወጣት ሳለሁ አውሮፓ ደርሼ የመጣሁ ነኝ ተብሎ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ልመክራት ነው። ብርቱካን ግን እኔ ብቻ አልበቃኋትም። የእድራችንን የቀድሞ ሰብሳቢ አቶ በለጠን «ብዙ አገር ያዩ ሰው ናቸው» ብላ ጠርታቸው ኖሯል። ከዘራቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አቶ በለጠ ድሮ እሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እሳቸው ካሉበት አግዳሚ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው። ለምን እንደሆነ ለብርቱካን ነግሬያት አላውቅም፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።

ተበልቶ ሲያበቃ መረቋት። ምርቃታቸው ጥሩ ነበር፤ አሜን ብያለሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ምክሩ ገቡ። «ልጄ፣ አውሮፓ ማለት ሥርዓት ነው። ሹካ በግራ እጅ ነው። ጮክ ብለሽ አትሳቂ። አላውቅም አትበይ፤ ካላወቅሽ ፈገግ በይ» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ አመመኝ እንዳትይ። ፈረንጅ በሽተኛ አይወድም። ጠቅልለው ነው የሚልኩሽ» አሉ። ቤዛን አየኋት። ስልኳን አውጥታ እየጻፈች ነበር። አውራ ጣቷ «አመመኝ እንዳትይ» የሚለውን ፊደል በፊደል ሲለቅም አየሁት። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ይኼን ምክር እኔ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ከዚሁ አፍ፣ በዚሁ ድምፅ።

ያን ጊዜ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ በውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር። ዛሬ ሕንፃ የቆመበት ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ከፈረቃ ስንወጣ ሻይና ትኩስ ቦምቦሊኖ በልተን፣ አፋችንን በነጠላችን ጠርገን ነበር የምንለያየው። የፋብሪካ ልጅ በቴትሮን ቀሚሷና ከፀጉሯ በማይለቅ የጥጥ ብናኝ ትታወቅ ነበር፤ እናቴ «በረዶ ዘነበብሽ ወይ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ፋብሪካው አዲስ የሽመና መኪና ሊያስመጣ ነው፣ ሁለት ሠራተኛ ቼኮዝሎቫኪያ ሄዶ ይማራል ተባለ። ዛሬ ያ አገር በዚያ ስሙ የለም፤ ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ከሴቶች ክፍል የተመረጥነው እኔና ዘነበች ነበርን። ዘነበች ከሱሉልታ በኩል የመጣች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምትቀልድ፣ ስትስቅ ሰው የሚያስጠራ ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች። እሷ ሃያ ሁለት፣ እኔ ሃያ አራት ዓመታችን ነው። እሷ ቀለበት አድርጋለች፤ ልጁ አናጢ ነው፤ ስትመለስ ሊያገባት ነው። የሰፈሩ ሰው እኛን ለማየት ደጃፍ ይወጣ ጀመር። ስለ ሄደችና ስላልተመለሰች ቆንጆ የሚዘፈን ዘፈን ነበረ በዚያ ዓመት፤ እኛ ስናልፍ ሻይ ቤቷ ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደርጉልን ነበር። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ወርደን ካፖርት ገዛን። የኔ ቡናማ ነበር፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው፤ የሷ ሰማያዊ። የብል መከላከያው ሽታ ሦስት ቀን አጥር ላይ ሰቅለነው እንኳ አልለቀቀም። ሹሩባችንን ፈተን ፀጉራችንን በጋለ ማበጠሪያ አስተኮስን። እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ አላስታውስም።

ለጉዞው ያዘጋጀን አቶ በለጠ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እተወዋለሁ፤ ያን ጊዜ አርባ እንኳ ያልሞላው ጎልማሳ ነበር። አስቀድሞ ሁለት ሳምንት እዚያው አገር ቆይቶ መጥቷል፤ በሁለት ሳምንት ሊቅ ሆኖ ነው የመጣው። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው እያስቀመጠ ገለጻ ሰጠን። ከምግብ ቤቱ የተቀቀለ ድንች አስመጥቶ በሹካና በቢላ አስቆረጠን፤ የዘነበች ድንች ከሳህኑ አምልጦ ማህደሩ ላይ ወጣ። ሳቀች። «ይኼ ነው አገር የሚያዋርደው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። ነጠላ አትልበሱ አለን። በርበሬ አትያዙ፣ ይሸታል አለን። ሰው አትሳሙ አለን። በመጨረሻው ቀን በሩን ዘጋና አንድ ቃል አስጠናን። «ዶብርዤ በሉ። ጥሩ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ምግቡ እንዴት ነው ቢሏችሁ፣ ዶብርዤ። ሥራው? ዶብርዤ። ሌላ ቃል አያስፈልጋችሁም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አመመኝ የሚል ወሬ ከዚያ እንዳይመጣብኝ። የታመመች ትመለሳለች። አንዷ ከተመለሰች ሌላዋም ትመለሳለች። እንደዚያ ሆና የመጣች ደግሞ ቦታዋን አታገኝም፤ እወቁት።» እኛም አወቅነው።

አሁን ልናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበትን አንዱንም አልነገረንም። ሰዓታቸው ከኛ ሰዓት በስድስት እንደሚለይ አልነገረንም። በደረስን ማግስት የማደሪያችን ጠባቂ፣ ፓኒ ቬራ (ወይዘሮ ቬራ ማለታቸው ነው) የምትባል ባልቴት፣ ጠዋት የምንነሣበትን ስድስት ጣት አውጥታ አሳየችን። ስድስት ሰዓት ለኛ እኩለ ቀን ነው። ተኝተን፣ ታጥበን፣ ፀጉራችንን አበጥረን በስድስት ሰዓት ዝንጥ ብለን ወረድን። ሠልጣኙ ሁሉ ግማሽ ቀን ሠርቷል። የክፍሉ አለቃ ፊቱ በርበሬ መስሎ ጮኸብን፤ እኛም ዶብርዤ አልነው። እነሱ ብላ የሚሉት አንዴ መሆኑንም አልነገረንም። እኛ እንደ አገራችን «አይ፣ በቃኝ» ብለን ሁለተኛና ሦስተኛ እስኪለምኑን ስንጠብቅ ሳህኑን ያነሡታል። በመጀመሪያው ሳምንት በይሉኝታ ተርበናል። አዲስ ጫማ በበረዶ ላይ እግር እንደሚበላ፣ ትራም ላይ ቲኬት መግዛት ብቻ ሳይሆን መብሳትም እንደሚያስፈልግ፣ የምታድሪበትን ቤት አድራሻ በወረቀት ጽፈሽ ጡትሽ ሥር መያዝ እንዳለብሽ፣ ይኼን ሁሉ እየወደቅን ነው የተማርነው። ሹካውን ግን በግራ እጃችን ይዘን ነበር!

አገሩ ክፉ አልነበረም፤ እሱን መዋሸት አልችልም። የሽመና መኪናው መወርወሪያ የለውም፤ ክሩን በአየር ነው የሚተፋው። ዘነበች ከኔ በፊት ገባት። እጇ ፈጣን ነበር፤ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ቋጠሮው አይታይም። ያ የጮኸብን አለቃ ሰው ሲመጣ የሷን መኪና ነበር የሚያሳየው። ፓኒ ቬራ ደግሞ አፏ ዝም አይልም፤ ቋንቋውን እንደማናውቅ እያወቀች ስለ ሟች ባሏ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ድመቷ ታወራናለች። እኛ ዶብርዤ እንላታለን። ትስቅብናለች።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዘነበች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ ጎኗን ይዛ አገኘኋት። «የበላሁት ነገር ነው» አለች። ረቡዕ ቀጥ ብላ መቆም አቃታት። መኪናዋን ተደግፋ ዋለች። ምሳ ሰዓት መታጠቢያ ቤት አስገብታኝ እጄን ያዘች፤ መዳፏ ይፋጃል። «አስኩ፣ እንዳትነግሪብኝ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ። ከታወቀ እመለሳለሁ፣ አንቺንም አስመልስሻለሁ።» እሺ አልኳት። ለእመቤታችን ስል ነው እሺ ያልኩት፤ ለብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ያን ዕለት ፓኒ ቬራ የዘነበችን ሾርባ ሳይነካ አገኘችው። ሳህኑን አንሥታ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ቀላል ነበር እኮ፤ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ፊቴን ባጨማድድ ይገባት ነበር። እኔ ግን ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ፤ አማተብኩ፤ አፌን በእጄ ዘጋሁ። ጾም ይዛለች ማለቴ ነው፤ ሁለታችንም እዚያ አልጾምንም ነበር። ባልቴቷ ደረቷን ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በነጋታው ለዘነበች ብቻ ወተትና ቅቤ የሌለው ድንች ቀቅላ አመጣችላት። ለውሸቴ ድንች ቀቀለች። ጾምን መሸሸጊያ ማድረጌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀብያለሁ። የድንቹ ነገር ግን ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ድንገት ተዋት። «አለፈ! አላልኩሽም?» አለችኝ፤ ሳቀችም። እኔም ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ የምር ደስ አለኝ። ያ ማለፍ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መሆኑን ማን ያውቃል? ዓርብ ጠዋት መኪናዋ አጠገብ፣ ክር ለመቀጠል እጇን እንደዘረጋች ወደቀች። ፊቷ የሰም ቀለም ሆኖ ነበር። አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ሐኪሙ ሆዷን እየተጫነ አንድ ነገር ጠየቃት። ዘነበች ከንፈሯን ነክሳ፣ ላብ በላብ ሆና «ዶብርዤ» አለችው። ደግሞ ጠየቃት። «ዶብርዤ» አለችው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሁለታችን በአንድ ቃል ነበር ያን አገር የገባነው። አንዲት ነርስ የገዛ ሆዷን ይዛ፣ ፊቷን ጨምድዳ «ቦሊ?» አለችኝ። ያመኛል ማለት መሆኑ ያኔ ገባኝ። «ቦሊ፣ ቦሊ» እያልኩ ጮህኩ። በአራተኛው ቀን፤ ዘግይቼ።

ቀደዷት። ሦስት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆይታ ስትነቃ መጀመሪያ በኦሮምኛ እናቷን ጠራች። እዚያ የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ አምጥተው አስተረጎሙልን። መግሉ ሆዷን ሞልቶት እንደነበረ፣ በሕይወት መትረፏ ተአምር እንደሆነ፣ ቁስሉ የማኅፀኗን ቱቦዎች ስለነካ ልጅ መውለድ ሊከብዳት እንደሚችል ነገሩን። «ሐኪሙ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ቀላል ነበር ይላል» አለ ልጁ፤ አንገቱን ደፍቶ። ፓኒ ቬራ በየቀኑ ትመጣ ነበር። አንድም ቀን እንደ በፊቱ አላወራችኝም።

ማንም አላባረረንም። ይኼን አስምሩበት። ማንም ጠቅልሎ አልላከንም። የፋብሪካው ሠራተኞች አበባ ይዘው መጡ፤ አለቃው ደሞዟ እንዳይቆረጥ አደረገ። በሽተኛ አይወዱም የተባሉት ሰዎች ስድስት ሳምንት አስታመሟት። ያባረራት አገር ቤት ያለው ሰው ነው። ስንመለስ በለጠ ቢሮው ጠርቶን «አላልኳችሁም ነበር?» አለ። ዘነበች «ሥልጠናውን አላጠናቀቀችም» ተብሎ ተጻፈባትና ወደ ክር ማጠንጠኛው ተመለሰች፤ ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ፤ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ቀረች። እኔ የፈረቃ መሪ ሆንኩ። ተቀበልኩ። አናጢው አገባት፤ ሰባት ዓመት ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ ቤት ሠራ። ዘነበች አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር አውርታኝ አታውቅም። በየእሑዱ ከቅዳሴ አብረን እንመለሳለን፣ ስለ ኑሮ መወደድ እናወራለን፣ እንሰነባበታለን። ዝምታዋን ምራኛለች ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ተሸክሜ ነው ብርቱካን ቤት የተቀመጥኩት።

«የጻፍሽውን አጥፊው!» አልኳት ቤዛን። ደነገጠች። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አንተ ሰውዬ! አሁንም አልተውክም?» አልኩት። ብርቱካን «እትዬ!» ብላ ክንዴን ያዘች፤ አስለቀቅኩት።

«ምን አጠፋሁ?» አለ በለጠ።

«ዘነበችን አጠፋህ።»

«የትኛዋን ዘነበች?» አለ፤ ግንባሩን ጨምድዶ። «ብዙ ዘነበች ነበሩ እኮ።»

የትኛዋ መሆኗን ነገርኩት። አራቱን ቀን፣ ሆስፒታሉን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ማህደሯ ላይ የተጻፈባትን፣ ትዳሯን፣ ሁሉንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘረገፍኩት። «እኔም እንደዚያው ነው የተነገረኝ» አለ በለጠ። «ስሄድ የላኩኝ ሰዎች እንደዚያው ነው ያሉኝ። ጥርሴን አሞኝ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት። ስመለስ ሦስቱን አስነቀልኩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንለት ይሆናል። እኔ ባሰብኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው! አመመኝ አለማለት ምን እንደሆነ በገዛ አፉ ቀምሶት ነበር፤ ቀምሶትም ለኛ አጎረሰን። «ሦስት ጥርስ!» አልኩት። «ሦስት ጥርስ ከልጅ ጋር ልታወዳድር ነው?» ባርኔጣውን አደረገና ተነሣ። ብርቱካን እየተለማመጠች እስከ በር ሸኘችው። እንግዳው ሁሉ የሚያየው ቦታ አጣ።

ያን ጊዜ ነው ቤዛ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «እቴቴ፣ አንቺስ? እሷ ስትታመም አንቺ የት ነበርሽ?» ያለችኝ።

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ቤቷ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምወጣው፣ ዛሬ ሦስት ቦታ ቆሜ የማርፍበት። ጉልበቷን ስላመማት እሑድ ወደ ምሳው አልመጣችም ነበር። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ሌላ ሰው ሳይነግራት ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቷ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ልጅ አለመውለዴንም?»

«አዎ።»

«በምሳ ላይ።»

«ተናድጄ ነው፣ ዘኒ።»

«ተናደድሽ» አለች፤ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «ማን ላከሽ? ማኅፀኔን ለሰፈር እንድታወሪ ማን አለሽ? ለበለጠ ነው የተናደድሽው? በለጠ ማነው? በለጠ እዚህ ቢሮው ተቀምጦ ነበር። አጠገቤ ተኝታ የነበረችው አንቺ ነሽ።»

«አንቺ አስምለሽኝ...»

«አስምዬሻለሁ! ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው ብዙ ነገር ይላል። አንቺ ለምን ሰማሽኝ?»

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። የጎረቤቷ ዶሮ እንኳ በርግጎ ሸሸ። እኔም ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ነገርኳት። በመሐላው አይደለም ዝም ያልኩት። አንቺ ከተመለስሽ እኔም መመለሴ ነው ብዬ ነው። ካፖርቴን ለብሼ በሰፈሬ ሳልፍ ሰው እንዲያየኝ፣ የፈረቃ መሪ እንድባል፣ ለሱ ነው። እንዲያልፍልሽ ስለምመኝ ሳይሆን እንዲያልፍልኝ ስለምፈልግ ነው ጾም ነው ያልኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስል ድምፄ እንደ አሮጌ በር ጮኸ።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ፤ አንቺ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወሪኛለሽ።»

ሰፌዱን ከመሬት አነሣች። «ልጅቷ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። ሐሙስ አልኳት። «አምጪያት።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤዛ ጋር ዳገቱን ወጣን። በመንገድ ላይ ለጥያቄዋ መልስ ሰጠኋት፤ ከድንቹ ጋር ነገርኳት። ዳገቱ ሲብስብኝ ክንዴን ያዘች። ዘነበች ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችን። ልጅቷን ሳመቻት፣ አገላብጣ አየቻት። ቤዛ ስልኳን ስታወጣ «አስቀምጪው፤ አጭር ነው» አለቻት።

«ካልሲሽን ደርበሽ አድርጊ። ብዪ ሲሉሽ በመጀመሪያው ብዪ። ሲያምሽ አመመኝ በይ፤ ቃሉን ከነገ ጀምረሽ አጥኚው። ይኼን ይቺም ትነግርሻለች፤ ስልክሽም ይነግርሽ ይሆናል። እኔ የምነግርሽ ሌላ ነው። እዚያ አብራሽ የምትኖር ልጅ ትኖራለች፤ ከየትም ትምጣ። ታማ አንድ ቀን ለማንም እንዳትነግሪብኝ ትልሻለች። ታለቅሳለች፤ ታስምልሻለች። አትስሚያት። ሮጠሽ ንገሪ። ከዳሽኝ ብትልሽ ትበል። ዕድሜ ልክሽን አታናግሪኝ ብትልሽ ትበል። በደህና ቆማ ትጥላሽ።»

ይኼን ሁሉ ስትል አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልተመለከተችም። ቤዛ ግን አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሸሸሁም።

ከዚያ ዘነበች የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ልጅቷን እስከ ታክሲው መንገድ ሸኘቻት። በቀስታ ስትመለስ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ነበር።

«የት ነው?» አለችኝ። «ተቀመጪ። እኔና አንቺ ገና አሁን መጀመራችን ነው።»

ተቀመጥኩ።